ወተት ተበርዟል የሚባለው በምን ማስረጃ ነው?
(በአርሲ ነገሌ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ላይ ላዩን ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በአንድ ጀሪካን ወተት ውስጥ የተጨመረ ውኃ አለ ወይስ የለም የሚል ጥያቄ ነውና። ነገር ግን በመልሱ ላይ በአንድ በኩል ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ጤና፣ በሌላ በኩል ወተት ሸጣ ቤቷን የምታስተዳድር እናት ስምና እንጀራ ይወሰናሉ።

ሕጉ ድርጊቱን በግልጽ ይከለክላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 527 ለጤና ጎጂ የሆኑ ዕቃዎችን ማምረትን፣ መበረዝንና መሸጥን ያስቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112ም የተበረዘ ምግብ ለገበያ እንዳይቀርብ ይከለክላል። ሆኖም መከልከልና ማስረዳት የተለያዩ ናቸው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮች ተሟልተው ካልተገኙ ወንጀል እንዳልተቋቋመ ይደነግጋል። ስለዚህ ከሳሽ ውኃ መጨመሩን ብቻ ሳይሆን፣ የጨመረው ማን እንደሆነና በምን አሳብ እንደሆነም ማስረዳት ይኖርበታል። ወተት ከብዙ ቤት ሰብስቦ የሚሸጥ ሰው ጥፋቱ የሌላ ሊሆን ይችላል።

በገበያ የሚታወቀው መሣሪያ ላክቶሜትር ነው። የደኅና ወተት ጥግግት 1.030 አካባቢ ሲሆን፣ ከአሥር እጅ አንዱ ውኃ ቢሆን ወደ 1.027 ይወርዳል። መሣሪያው ግን ይታለላል። ቅቤው የወጣለት ወተት ጥግግቱ ወደ 1.035 ከፍ ስለሚል፣ በስድስት እጅ እንዲህ ያለ ወተት ላይ አንድ እጅ ውኃ ቢጨመር ንባቡ ተመልሶ 1.030 ይሆናል። በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ያጭበረበረው ሰው ነጻ ይወጣል። በአንጻሩ አሁን የታለበ ትኩስ ወተት በሙቀቱ ምክንያት ዝቅ ያለ ንባብ ስለሚሰጥ፣ ንጹሑ ሰው ሊከሰስ ይችላል።

ታዲያ በስብ መጠን ብንፈርድስ? የአገራችን ላም ወተት ከመቶ 5 እጅ ያህል ስብ ሊኖረው ይችላል። ዝቅተኛው ልክ ከመቶ 3.5 ቢሆን፣ በአራት እጅ እንዲህ ያለ ወተት ላይ አንድ እጅ ውኃ ተጨምሮ እንኳ 4 እጅ ስለሚቀር ያልፋል። የፈረንጅ ላም የጠዋት ወተት ግን ምንም ሳይጨመርበት ከልኩ በታች ሊሆን ይችላል።

ከእነዚህ ይልቅ የሚታመነው ወተቱ የሚረጋበት የቅዝቃዜ ነጥብ ነው። ንጹሕ ወተት ከዜሮ በታች 0.53 ዲግሪ ገደማ ላይ በረዶ ይሆናል፤ ውኃ ሲጨመርበት ነጥቡ ወደ ዜሮ ይጠጋል። አርሲ ነገሌ በአረቄዋ የታወቀች ናትና፣ «ላሜ አተላ ስለምትቀለብ ወተቷ ቀጠነ» የሚል ተከላካይ ቢነሣ አያስደንቅም። ቀለብ የስብን መጠን ሊለውጥ ቢችልም የቅዝቃዜውን ነጥብ ግን እምብዛም አያናውጠውም። የኮመጠጠ ወተት ነጥቡን ስለሚያዛባ ናሙናው ሳይውል ሳያድር መመርመር አለበት።

የእንግሊዝ አገር ሕግ በ1901 እ.ኤ.አ. ያገኘው መፍትሔ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ወተቱ ከመቶ 3 እጅ ስብ ወይም ከስብ ውጭ ያለው ጥጥር ከመቶ 8.5 በታች ከሆነ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ተበረዘ ይገመት ነበር። ቁጥሩ ግምት እንጂ ፍርድ አልነበረም። ሻጩ እውነቱን የሚያሳይበት በር አልተዘጋበትም።

ከዚህ ተነሥቼ ሦስት አሳቦች አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ላክቶሜትር ለጥርጣሬ እንጂ ለቅጣት አይበቃም። ሁለተኛ፣ ናሙናው ሻጩ ባለበት በሦስት ተከፍሎ ይታሸግ፤ አንዱ ለሻጩ፣ አንዱ ለላቦራቶሪ ይሰጥ፣ አንዱም ለፍርድ ቤት ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ሻጩ ከጠየቀ ላሞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ በተቆጣጣሪ ፊት ታልበው ወተታቸው ከተያዘው ጋር ይነጻጸር።

አጠራጣሪውን ወተት ከገበያ ለማንሣት መፍጠን ተገቢ ነው፤ ሕፃኑ የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሊጠብቅ አይችልምና። ሰውን ወንጀለኛ ለማለት ግን መዘግየት ይሻላል። የፈሰሰ ወተት ነገ ሌላ ይታለባል፤ «ወተት በራዥ» የሚለው ስም ግን በመንደር አንዴ ከተሰጠ በቀላሉ አይፋቅም።