የመኸር ዳቦ ቆሎ

 

ዛሬ እርሳስና ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። የምንነጋገረው ስለ ዳቦ ቆሎ ነው። «እንዴ! ዳቦ ቆሎም ትምህርት ሆነ?» የሚል አይጠፋም። እሱም ቢሆን እርሳሱን ይያዝ።

እናቴ ዳቦ ቆሎ ስትሠራ መለኪያ አልነበራትም። መለኪያዋ እጇ ነበር። ዱቄቱን በእፍኝ፣ ጨውን በጣቶቿ ቆንጠር አድርጋ ትጨምራለች። አንድ ቀን እንኳ በዝቶባት ወይም አንሶባት አያውቅም። ፊደል ግን አልቆጠረችም። እኔም ልጠይቃትና ልጽፈው አላሰብኩም። ካረፈች በኋላ ልሥራ ብዬ ብነሳ ሊጡ ቀጠነብኝ። በሁለተኛው ደግሞ አረረብኝ። ልኩን እስካገኝ ድረስ ስንት ዱቄት እንዳበላሸሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ስለዚህ ያገኘሁትን ልክ ዛሬ እነግራችኋለሁ፤ እናንተም ጻፉት።

ጊዜው መኸር ነው። ባንዳንዱ አገር ስንዴው ይታጨዳል፤ ባንዳንዱ አገር አውድማ ላይ ነው። ወደ አጨዳ የሚሄድ ሰው ስንቅ ይፈልጋል። ከኅዳር 15 ጀምሮ ደግሞ እስከ ገና የነቢያት ጾም አለ። ጿሚው ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይቀምስም። ዳቦ ቆሎ በቅቤ ፋንታ በዘይት ከተሠራ ለጾምም ለስንቅም ይሆናል።

ከሱቅ ብስኩት መግዛትም አለ። ነገር ግን ፓኬቱን አንብቡ። ብዙ ብስኩት የወተት ዱቄት አለበት። የጾም መስሏችሁ የገዛችሁት ወተት ያለበት ሆኖ ይገኛል። የሚያበቃበትን ቀንም እዩ። ዘመኑ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹ ቁጥር ከእኛ በ7 ወይም በ8 ይበልጣል። 2020 ተብሎ ቢጻፍ በእኛ 2012 ወይም 2013 ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ብስኩት «ገና ነው» ብሎ ለልጁ ይሰጣል።

አሁን ወደ ሥራችን እንግባ። ጻፉ።

የስንዴ ዱቄት፣ 3 ብርጭቆ።
የተቆላ ሽምብራ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ።
ዘይት፣ ግማሽ ብርጭቆ።
በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ።
ጨው፣ 1 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ።
ጥቁር አዝሙድ፣ 1 የሻይ ማንኪያ።
ውሃ፣ 1 ብርጭቆ ያህል።

ብርጭቆው አንድ ዓይነት ይሁን። ዱቄቱን በትልቅ፣ ዘይቱን በትንሽ ብርጭቆ ከለካችሁ ልኩ ይፋለሳል።

ሽምብራው ለምን ገባ ቢሉ፣ ስንዴ ብቻውን ገንቢ ምግቡ የተሟላ አይደለም። የሚጎድለውን ሽምብራው ይሞላለታል። ሥጋና ወተት በማይበላበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጨዉ አዮዲን ያለው ይሁን። አዮዲን እንቅርትን ይከላከላል። ስኳር አልጻፍንም፤ የረሳነው እንዳይመስላችሁ። ሳይገባም ይጣፍጣል፤ ለልጆችም ጥርስ ደግ ነው።

እህሉን ከማስፈጨታችሁ በፊት በደንብ ልቀሙት። አዲስ እህል ሳይደርቅ ከተከተተ ይሻግታል። የሻገተ እህል መርዝ ሊኖረው ይችላል፤ ጉበትን ይጎዳል። ቢታጠብም ቢቆላም መርዙ ተጠርጎ አይጠፋም። «ያሳዝናል፣ እንዴት ይጣላል» አትበሉ፤ ጣሉት። በርበሬውም እንደዚሁ የሻገተ እንዳይሆን።

ዱቄቱን፣ በርበሬውን፣ ጨውንና አዝሙዱን በደረቁ ቀላቅሉ። ዘይቱን ጨምሩና በእጃችሁ እሹት። ከዚያ ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ጨምሩ። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ ውሃውን ባንዴ ደፋሁት። ሊጡ ጠንከር ያለ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ መሆን አለበት። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሳያልቅ ከበቃ ይቅር፤ ካነሰም ትንሽ ጠብ አድርጉ። ሊጡን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ትንሽ አሳርፉት።

ቀጥሎ ሊጡን እያድቦለቦላችሁ እንደ ገመድ አርዝሙት። ውፍረቱ በእጃችሁ የያዛችሁትን እርሳስ ያህል ይሁን። ከዚያ በቢላዋ ወይም በመቀስ የሽምብራ ፍሬ እያሳከላችሁ ቁረጡት። ይህ ሥራ ለአንድ ሰው አሰልቺ ነው። ባልም ይቁረጥ፣ ልጆችም ይቁረጡ። መቁረጥ የሴት ሥራ ብቻ ነው ያለ ማን ነው?

ምጣዱን ጣዱ፤ እሳቱ ግን መለስተኛ ይሁን። እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። በርበሬውም ይጨስና ቤቱን ሁሉ ያስላል። ሕፃን ካለ ከጭሱና ከእሳቱ አርቁት። ምጣዱን ሳትሞሉ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ፣ እጃችሁን ሳታሳርፉ አምሱት። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱን አውጥታችሁ ስበሩት። ውስጡ ደርቆ ቀጭ ካለ ደርሷል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ስለዚህ እስኪጠቁር አትጠብቁ።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ነገር አለ፤ ወላጆች በደንብ ስሙ። ዳቦ ቆሎ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ጠንካራ ፍሬ በደንብ አያኝክም። ትን ይለውና ትንፋሹን ይዘጋዋል። ኦቾሎኒና ቆሎም እንደዚሁ ናቸው። ታላላቆቹም አንድ ሁለት ፍሬ እንዳያጎርሱት ንገሯቸው፤ አደጋው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በልጆች ደግነት ነው። ለሕፃኑ በርበሬ የሌለበትን ለብቻው ሥሩለት። ከዚያ ወቅጣችሁ አልሙትና በሙቅ ውሃ እንደ በሶ አላቁጡት። ትልቁ ልጅ ደግሞ ተቀምጦ ይብላ፤ እየሮጠ አይቃም።

ዳቦ ቆሎ ከሻይ ጋር ደስ ይላል፤ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ብረት የሚባለው ንጥረ ነገር በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። ነፍሰ ጡር ሴትና ደም ያነሰው ሰው ሻዩን አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩት። በሻዩ ፋንታ ብርቱካን ወይም ሎሚ ከተገኘ ብረቱ በደንብ እንዲገባ ያግዛል።

በመጨረሻ አስቀምጡት። በመጀመሪያ ግን ፈጽሞ ይቀዝቅዝ። ሞቅ እንዳለ ከከደናችሁት ላቡ ያረጥበዋል፤ ይሻግታልም። ክዳን ያለው ደረቅ ቆርቆሮ ካላችሁ ሳምንታት ይቆይላችኋል።

ቆርቆሮው ላይ ወረቀት ለጥፉና የተሠራበትን ቀን ጻፉ። ልኩን የጻፋችሁበትን ገጽ ደግሞ ከግርጌው ባዶ ቦታ ተዉለት። ጨዉ በዝቶ እንደሆነ፣ ውሃው አንሶ እንደሆነ፣ የእናንተ ምጣድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ፣ ሠርታችሁ ስትጨርሱ እዚያው ላይ ትጽፉታላችሁ። እናታችሁ በሕይወት ካሉ ግን ከእኔ ይልቅ እሳቸውን ጠይቁና የእሳቸውን ልክ ከጎኑ ጻፉ።

ደህና ሰንብቱ።