ትንሽ ቃል፤ ትልቅ ፍች
ስለ እንግሊዝኛ መስተዋድድ አጠቃቀም፤ ለቆቦና ለራያ ቆላ የገጠር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ንግግር



የራያ ቆላ ገበሬ በክረምት ከምዕራብ ተራሮች የሚወርደውን ጎርፍ ቦይ እየቀደደ ወደ ማሽላ እርሻው ይመልሰዋል። ውኃው ብዙ ነው፤ ቦዩ የሚቀደድበት አፍ ግን ጠባብ ነው። አፉ በስሕተት ከተከፈተ ውኃው ከሌላ ማሳ ይገባል፤ የባለቤቱም ማሽላ በጥም ይደርቃል። በቋንቋም ውስጥ እንዲህ ያሉ ጠባብ አፎች አሉ። እነርሱም በሰዋስው መስተዋድድ የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ናቸው፤ በአማርኛ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «ወደ»፣ «እስከ»፤ በእንግሊዝኛ ደግሞ ኢን፣ ኦን፣ አት፣ ባይ፣ ዊዝ፣ ቱ፣ ፎር፣ ፍሮም እና የመሳሰሉት። የዚህም ንግግር ቁም ነገር አንድ ነው፤ አንዱ የአማርኛ መስተዋድድ ለአንዱ የእንግሊዝኛ መስተዋድድ አቻ አይደለምና፥ ተማሪው ፊደሉን ከመተርጎም ይልቅ ነገሩን አይቶ መናገርን ይማር ማለት ነው።

በትርጉም ላይ የሚደርስ ትንሽ ስሕተት ምን ያህል መዘዝ እንደሚያመጣ የወሎ ሰው አይነገረውም። ከቆቦ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል ውል ተፈጸመ። በ17ኛው አንቀጽ የአማርኛው ቅጅ ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ ረዳትነት መጠቀም እንደሚቻላቸው ሲናገር፥ ኢጣልያ ግን የራስዋን ቅጅ ይዛ ነገሩን ግዴታ ነው አለች። በዚህም ኢትዮጵያን በጥበቃዋ ሥር እንዳለች አገር ቈጠረቻት። ክርክሩም እየሰፋ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ተፈጸመ። በውጫሌ የተሳተው መስተዋድድ ሳይሆን ግሥ ነበር፤ ትምህርቱ ግን ያው ነው፤ በሁለት ቋንቋ መካከል የሚቆም ሰው ትንሹን ቃል አይናቅ።

ለገጠር ልጅ ዛሬ የሚመጣው ጉዳት እንደ ውጫሌው የመንግሥት ጉዳይ ባይሆንም፥ ለቤተ ሰቡ ቀላል አይደለም። በቆላ አገር ወባ የታወቀ በሽታ ነው። ለወባ የሚሰጠው አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን የተባለው መድኃኒት በቀን 2 ጊዜ፥ ለ3 ቀን፥ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። በእንግሊዝኛ «ፎር ስሪ ዴይስ» ቢባል ለ3 ቀን ማለት ነው፤ «ኢን ስሪ ዴይስ» ቢባል ግን ብዙ ጊዜ ከ3 ቀን በኋላ ማለት ይሆናል። «ዊዝ ፉድ» ከምግብ ጋር ነው፤ «ቢፎር ፉድ» ከምግብ በፊት ነው። ለአያቱ የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነብ ልጅ እነዚህን ካልለየ፥ ማንበቡ ካለማንበብ የከፋ ይሆናል።

እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤቶች ዋና የውጭ ቋንቋ የሆነው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የፈረንሳይኛ ትምህርት ይበልጥ የተስፋፋ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ትምህርት እንዲጀምሩ፥ እንግሊዝኛንም ከ1ኛ ክፍል አንሥቶ እንዲማሩ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደነገገ። ስለዚህ በታችኛው ክፍል ሳይታረም ያለፈ ስሕተት በላይኛው ክፍል የሒሳቡንም የሳይንሱንም ጥያቄ ያበላሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ ቢባል፥ የችግሩ ሁሉ እናት «በ» የምትባለው ፊደል ናት። አማርኛ በቆቦ፣ በሰኞ፣ በመኪና፣ በቢላዋ፣ በሁለት ሰዓት እያለ በአንድ «በ» ብዙ ሥራ ይሠራል። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ሠራተኛ አለው። በቆቦ ሲል ኢን፥ በሰኞ ሲል ኦን፥ በመኪና ሲል ባይ፥ በቢላዋ ሲል ዊዝ፥ በሰዓት ሲል አት ይላል። በእግር መሄድ ደግሞ ባይ ሳይሆን ኦን ፉት ነው።

ይህ ለራያ ሽማግሌ እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ አገር አማርኛንና ትግርኛን አስተባብሮ የሚናገር ሰው ብዙ ነውና። አማርኛ በቆቦና በመኪና ብሎ በአንድ ፊደል የሚናገረውን ትግርኛ «ኣብ ቆቦ»፣ «ብመኪና» ብሎ በሁለት ይለየዋል። ሁለቱን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሲናገር ቆሞ አያስብም፤ ለእያንዳንዱ ቋንቋ የራሱን ልማድ ይሰጠዋል። እንግሊዝኛም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ክፍፍሉ መብዛቱ ብቻ ነው።

ለቦታና ለጊዜ አንድ መንገድ ይበቃል፤ ከሰፊው ወደ ጠባቡ መውረድ ነው። ሰፊና የሚይዝ ሲሆን ኢን፤ ማሽላው በጎተራ ውስጥ ነው፥ ሰውየው በወሎ ይኖራል። በላዩ የሚያርፉበት ወይም እንደ መስመር የተዘረጋ ሲሆን ኦን፤ እንስራው በመደቡ ላይ ነው፥ ቆቦ በወልድያና በአላማጣ መንገድ ላይ ናት። አንድ ነጥብ ሲሆን አት፤ ሰውየው በበሩ ዘንድ ቆሟል። በጊዜም ዓመትና ወር ኢን፥ የተወሰነ ቀን ኦን፥ ሰዓት አት ነው። ነገር ግን መምህሩ አንድ ነገር ያስጠንቅቅ፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት በእንግሊዝኛ «አት ኤይት» ነው እንጂ «አት ቱ» አይደለም። መስተዋድዱ ቀንቶ ሰዓቱ ቢሳሳት ተማሪው ከፈተናው ይቀራል።

«ከ»ም እንደዚሁ ታሳስታለች። ከቆቦ መጣ ሲባል ፍሮም ነው፤ ከወንድሙ ጋር መጣ ሲባል ዊዝ ነው፤ ከወንድሙ ይበልጣል ሲባል ዛን ነው፤ መጽሐፉ ከጠረጴዛው ላይ ነው ሲባል ደግሞ ኦን ነው። «ከ»ን ሁሉ ፍሮም የሚል ተማሪ ከአራቱ አንዱን ብቻ ያገኛል። «ለ»ም ለእናቱ ሰጠ ሲል ቱ፥ ለእናቱ ገዛ ሲል ፎር ይሆናል፤ የመጀመሪያው ተቀባዩን፥ ሁለተኛው የታሰበለትን ያመለክታል። «እስከ» ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ማመልከቻውን እስከ ዓርብ አስገባ ማለት ባይ ነው፤ ዓርብ ሳያልፍ አንድ ጊዜ ይፈጸማልና። እስከ ዓርብ ድረስ እዚህ ቆይ ማለት ግን አንቲል ነው፤ ሥራው ዓርብ እስኪደርስ አይቋረጥምና። ይህን ያልለየ ወጣት የማመልከቻው ቀን ያልፍበታል።

ከዚህም በቀር አማርኛ መስተዋድድ የማይሻበት እንግሊዝኛ የሚሻበት፥ አማርኛ የሚሻበትም እንግሊዝኛ የማይሻበት ቦታ አለ። ወንድሙን ጠበቀው ሲባል እንግሊዝኛ ፎርን ይጨምራል፤ መምህሩን አዳመጠ ሲባል ቱን ይጨምራል፤ ሥዕሉን ተመለከተ ሲባል አትን ይጨምራል። በተቃራኒው ስለ ጉዳዩ ተወያዩ ሲባል ዲስከስ የሚለው ግሥ አባውትን አይቀበልም፤ ከእርሱ ጋር ተጋባች ሲባልም ሜሪ የሚለው ግሥ ዊዝን አይቀበልም። ወደ ቤት ሄደ ሲባል «ጎ ሆም» ይበቃል፤ ቱ አይገባበትም። ይህ ሁሉ በምክንያት የሚደረስበት ሳይሆን በልማድ የጸና ነው። ስለዚህ መምህሩ ግሡን ብቻውን አያስጠና፤ ከጓደኛው ጋር አጣምሮ ያስጠና። በሬ ጥንድ ሆኖ እንደሚያርስ፥ ዌይት ከፎር፥ ሊሰን ከቱ፥ ሉክ ከአት ጋር ይጠመድ።

ለማስተማሪያ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። አንድ ቅል፥ አንድ ድንጋይና አንድ መደብ ይበቃል። መምህሩ ድንጋዩን በቅሉ ውስጥ፥ በመደቡ ላይ፥ በመደቡ ሥር፥ በሁለት ተማሮች መካከል እያኖረ ይጠይቅ፤ ተማሪው አማርኛውን ሳያስብ ያየውን በእንግሊዝኛ ይመልስ። ስሕተት ሲያገኝ ልጁን ከማሳፈር ይልቅ ነገሩን ዳግመኛ ያሳየው፤ ያፈረ ልጅ አፉን ይዘጋል፥ አፉን የዘጋም ቋንቋ አይለምድም።

የአገር ሽማግሎችም እንግሊዝኛ አለማወቃቸው ከዚህ ሥራ አያወጣቸውም። ልጁ ማታ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ አያቱ «ይህ ያነበብኸው ነገር በውስጥ ነው ወይስ በላይ? ከዚያ መጣ ወይስ ወደዚያ ሄደ? እስከ መቼ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ ልጁ በእጁ እያሳየ ለመመለስ ይገደዳል። በእጁ ማሳየት ካልቻለ ቃሉን አላወቀውም ማለት ነው፤ ነገ መምህሩን ይጠይቅ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚያስፈልገው ማስተዋልን ነው፤ ማስተዋልም በሽማግሎች ዘንድ ሞልቷል።

ጎርፍ በመጣ ጊዜ ቦይ ለመቅደድ የሚሮጥ ገበሬ ይዘገያል፤ ብልኁ አስቀድሞ በበጋ ያዘጋጀዋል። ተማሪውም የሁለተኛ ደረጃው ትምህርት እንደ ጎርፍ ሳይደርስበት፥ በታችኛው ክፍል ሳለ ትንንሾቹን ቃላት በየቦታቸው ማኖር ይልመድ። ያን ጊዜ የሚመጣው ዕውቀት ሁሉ ወደ ገዛ ማሳው ይገባለታል።