ማሽላው ሲቀር

ከደሴ ተነስቶ ሐይቅን ያለፈ መኪና ወደ ውጫሌ የሚያቀናው በአምባሰል በኩል ነው። አንድ ሚያዝያ እዚያው መንገድ ዳር ወርጄ፣ በሬዎቻቸውን ፈትተው የእርሻቸው ድንበር ላይ አረፍ ያሉ አዛውንት አገኘሁ። መሬቱ ታርሶ አልቋል። ሰማዩ ላይ ግን ጠብታ የሚያቀብል ደመና የለም።

«በልጉ እንዴት ነው አባቴ?»

«እሱ ያውቃል።»

ይህችን ቃል እኛ ከተሜዎች ስንሰማት እጅ መስጠት ትመስለናለች። እኔም መስላኝ ነበር፣ ሰውዬው ወሬያቸውን እስኪቀጥሉ። ማሽላ ጊዜ ይፈጃል፤ በበልጉ ዝናብ ካልተዘራ ለመኸር አይደርስም። «ማሽላው ከቀረ ሐምሌ ላይ ጤፍ እዘራለሁ። ጤፉም እንቢ ካለኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ በእርጥበቱ ሽምብራ ጣል አደርጋለሁ» አሉኝ። ለአንድ ማሳ ሦስት ዘር!

የሰውዬው ነገር አንድ የጥንት ሰው አስታወሰኝ። የዛሬ 1,900 ዓመት ግድም የኖረ፣ በሮም ባሪያ የነበረ፣ እግሩም የሚያነክስ ኤፒክቴተስ የሚባል ፈላስፋ ነበር። ሐሳባችንና ምርጫችን የኛ ነው፤ ሀብት፣ ሹመት፣ የሰው አፍ ግን የኛ አይደለም ይል ነበር። እውነቱን ነው። ለኔ ግን ሽምብራው ይበልጥብኛል።

ደግሞ «እሱ ያውቃል» ያለቦታው ስትገባ አደገኛ ናት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ ዝናቡን ያስቀረው ሰው አልነበረም። ወሬውን ያፈነው ግን ሰው ነበር። የተራበው ሕዝብ እዚሁ አውራ ጎዳና ዳር ወጥቶ መኪና እያስቆመ ይለምን ነበር። ረሀቡን ያጠናው አማርትያ ሴን እንደጻፈው፣ በዚያው ሰሞን ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ረሀቡ የሠራው ፊልም በአገራችን ቴሌቪዥን የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ፊልሙ ግን ለሞተው ገበሬ አልደረሰለትም።

ልሰናበታቸው ስነሳ አዛውንቱ እጄን ያዝ አደረጉና፣ «ዝናቡንስ ተወው ልጄ፤ ማዳበሪያው መቼ ነው የሚደርሰን?» አሉኝ።

ለዚህኛው «እሱ ያውቃል» አላሉም።