ዴሲቤል፤ በትንሽ ቁጥር የተሸፈነ ትልቅ ኃይል

ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር



ሁለት ኩንታል የአንድ ኩንታል እጥፍ ነው፤ መቶ ሜትርም የአምሳ ሜትር እጥፍ ነው። ባለሙያ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ አቈጣጠር ስለ ለመደ፣ የድምፅ መለኪያ መሣሪያ በእጁ በያዘ ጊዜም ያው ልማድ ይከተለዋል። በዴሲቤል አቈጣጠር ግን 100 የ50 እጥፍ አይደለም፤ በድምፁ ኃይል ረገድ መቶ ሺህ እጥፍ ነው። ይህን አለመገንዘብ የሒሳብ ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ በወረቀት ላይ ታርሞ ባለፈ ነበር። ዳሩ ግን ጉዳቱ የሚደርሰው በመኪናው አጠገብ ቆሞ በሚውለው ሠራተኛ ጆሮ ላይ ነው።

መለኪያው የመነጨው ከስልክ ሥራ ነው። የአሜሪካ የስልክ መሐንዲሶች ድምፅ በሽቦ ሲጓዝ የሚደርስበትን መድከም ቀድሞ የሚገምቱት በአንድ ማይል ኬብል ልክ ነበር። ይህ አቈጣጠር እንደ ድምፁ ድግግሞሽ የሚለዋወጥ ሆኖ በመገኘቱ፣ የቤል የስልክ ድርጅት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዓመታት በሎጋሪዝም ላይ የተመሠረተ መስፈርት አወጡ። ስሙም ለአሌክሳንደር ግራሃም ቤል መታሰቢያ «ቤል» ተባለ፤ ዴሲቤል የዚሁ አንድ ዐሥረኛ ነው።

ሎጋሪዝም ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጤናማ ጆሮ ሊሰማው የሚችለው እጅግ ደካማ ድምፅ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያሳርፈው ኃይል የአንድ ዋት ከሚሊዮን ሚሊዮን አንድ እጅ ያህል ነው። ጆሮን ወደ ማሳመም የሚደርሰው ድምፅ ግን አንድ ዋት ገደማ ይሆናል። እያንዳንዱ የዐሥር እጥፍ ጭማሪ 10 ዴሲቤል ተብሎ ሲቈጠር፣ ይህ ሁሉ ስፋት ከ0 እስከ 120 ባሉት ቁጥሮች ውስጥ ይጠቃለላል። ስለዚህ ዜሮ ዴሲቤል ማለት የመነሻው መጠን ነው እንጂ ድምፅ የለም ማለት አይደለም።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር በአንድ የሽመና አዳራሽ ምሳሌ ማየት ይቻላል። እያንዳንዳቸው 90 ዴሲቤል የሚያሰሙ ሁለት መኪናዎች አንድ ላይ ሲሠሩ ድምፃቸው 93 ይሆናል እንጂ 180 አይሆንም። ዐሥር ሲሆኑ 100 ይደርሳል። እንግዲህ ከዐሥሩ አምስቱ ቢቆሙ የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮም በዚህ ረገድ የሚታመን ምስክር አይደለም፤ ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ልዩነቱን በጭንቅ ይለየዋል፤ ዐሥር እጥፍ ሲሆን ደግሞ ድምፁ እጥፍ ያህል ብቻ የጨመረ ይመስለዋል።

የሥራ ሰዓት ወሰንም በዚሁ ሒሳብ ይመራል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር፣ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀነሳል። በመሆኑም በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት፣ በ100 ዴሲቤል 15 ደቂቃ ብቻ ይፈቀዳል። የዚያችው አገር አስገዳጅ ደንብ ግን ከ90 ዴሲቤል ተነሥቶ በየ5 ዴሲቤሉ ስለሚቀንስ፣ በ100 ዴሲቤል 2 ሰዓት ይፈቅዳል። ስለዚህ አንድ አዳራሽ «ከወሰን በታች ነው» ሲባል፣ በየትኛው ወሰን ተብሎ መጠየቅ ይገባል።

የጉዳቱም ጠባይ ጥንቃቄን የሚያጠብቅ ነው። በውስጥ ጆሮ የሚገኙት ጥቃቅን ጸጉራም ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከጠፉ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጉዳቱ ዘወትር የሚጀምረው በ4000 ኸርዝ አካባቢ ካሉት ቀጫጭን ድምፆች ነው። ሠራተኛው ሰው መናገሩን እየሰማ «ሰ»ን ከ«ፈ» መለየት ይሳነዋል፤ ሕመም ስለማይሰማውም ችግሩን የሚያውቀው ከዘገየ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያዛል። ይህ ግዴታ በተግባር የሚፈጸመው ግን ትክክለኛ ልኬት ሲኖር ነው። ልኬቱ ሠራተኛው በሚቆምበት ቦታ፣ በጆሮው ከፍታ፣ ለሰው መስማት በሚስማማው የ«ኤ» ማስተካከያ ሊወሰድ ይገባዋል። በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል ተብሎ በአዳራሽ ውስጥ መገመትም አይገባም፤ የሲሚንቶ ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ድምፁን መልሰው ያስተጋቡታልና።

እንግዲህ ሪፖርት የሚፈርም ባለሙያ ቁጥሩን ብቻውን ባይጽፍ መልካም ነው። «93 ዴሲቤል» ከሚለው አጠገብ «ከ90 እጥፍ ኃይል ያለው» የሚል አንድ ሐረግና ሠራተኛው በዚያ ሊቆይ የሚገባው ሰዓት ቢጨመርበት፣ ሥራ አስኪያጁ ሦስቷን ዴሲቤል እንደ ትርፍራፊ አይመለከታትም፤ ለሠራተኛውም የጆሮ መሸፈኛ ከመስጠት አስቀድሞ መኪናውን ራሱን ጸጥ ለማድረግ ምክንያት ያገኛል።