የድምፅ ሞገድና የእናቶች ሕይወት

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ ማታ ከፊታችሁ ለመቆም የደፈርነው አዋቂዎች ስለሆንን አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ተጠይቀን መልስ ስላጣን ነው። ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ጥቂቶቹ ወደ ቡታጅራ ወርደን ነበር። በዚያም በአንድ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ነፍሰ ጡር ልጃቸውን ይዘው ተራ የሚጠብቁ አንዲት ባልቴት አገኘን። እኒህ እናት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሆናችንን በሰሙ ጊዜ፤ «ልጆቼ፣ ይህ አልትራሳውንድ የሚሉት እንደ ራጅ ጨረር ነው አሉን፤ የሆዷን ልጅ አይጎዳውም ወይ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም፤ «አይጎዳም፣ እማማ፤ አይፍሩ» አልናቸው። «እኮ ለምን አይጎዳም?» ባሉን ጊዜ ግን እርስ በርሳችን ተያየን። ሁላችንም የሞገድን ፎርሙላ ለፈተና ሸምድደን አልፈናል፤ ለአንዲት እናት በምታውቀው ነገር ለማስረዳት ግን አንድም ቃል አልተገኘብንም። እሳቸውም ልጃቸውን ሳያስመረምሩ ወደ ቤታቸው ይዘዋት ተመለሱ።

እንግዲህ ያን ቀን መመለስ የሚገባንን መልስ ዘግይተንም ቢሆን ዛሬ እንሞክረው።

በመጀመሪያ ድምፅ ምንድን ነው? በጉራጌ መንደር በጀፎሮው ዳርና ዳር ቆመው ሁለት ሰዎች ሲጠራሩ፣ ከተናጋሪው አፍ የወጣው አየር ራሱ ተጉዞ ከሰሚው ጆሮ አይደርስም። አንዱ የአየር ቅንጣት ጎረቤቱን ገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጎረቤቱም የሚቀጥለውን ይገፋል። የሚጓዘው ግፊቱ ነው እንጂ አየሩ አይደለም። ድምፅ ማለት ይኸው ነው። በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ይህ ግፊት የሚመላለስበትን ቁጥር ድግግሞሽ እንለዋለን፤ መለኪያውም ሄርዝ ነው። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል። ከዚያ በላይ ያለው አልትራሳውንድ ይባላል፤ ጆሯችን አይሰማውም እንጂ ድምፅነቱን አልተወም። ሐኪሞች የሚሠሩበትም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ሚሊዮን ሄርዝ ያለው ነው።

ራጅ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። የራጅ ጨረር ከአቶሞች ላይ ኤሌክትሮን ነቅሎ ለማውጣት የሚበቃ ኀይል አለው፤ ለነፍሰ ጡር በጥንቃቄ የሚታየውም ስለዚህ ነው። አልትራሳውንድ ይህን የመሰለ ኀይል የለውም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ሥጋን በጥቂቱ ማነቃነቅና በጣም ሲበዛ ማሞቅ ነው። ስለዚህም ሐኪሞች አስፈላጊ በሆነው ዝቅተኛ ጉልበትና ባጠረ ጊዜ እንዲጠቀሙበት ደንብ አለ። ሴቲቱን ለመርዳት እንጂ ለመዝናኛ የሚታይ አይደለም። በዚህ ደንብ ከተሠራ ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት በተደረገው ምርመራ በጽንስ ላይ ጉዳት ማድረሱ አልተረጋገጠም። ለእማማ የነበረን የመጀመሪያው መልስ ይኸው ነበር።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ድምፅ እንዴት አድርጎ ሥዕል ይሆናል? የሚለው ነው። ከዘቢዳር ተራራ ሥር ገደል ፊት ለፊት ቆሞ የጮኸ ሰው የገደል ማሚቶውን ይሰማል። ማሚቶው በ2 ሰኮንድ ከተመለሰ፣ ድምፅ በአየር ውስጥ በሰኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ደርሶ መልሱ 680 ሜትር፣ ገደሉም በ340 ሜትር ርቀት ላይ ነው ማለት ነው። የአልትራሳውንድ መሣሪያ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ክፍል ውስጥ በሰኮንድ በአማካይ 1,540 ሜትር ይጓዛል። ከቆዳ 10 ሳንቲሜትር ወደ ውስጥ ካለ ነገር ነጥሮ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ 130 ሚሊዮንኛ ሰኮንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ሰኮንድ ውስጥ ከ7,000 ጊዜ በላይ «ጮኾ» መልሱን ሊያዳምጥ ይችላል። አንዱ ጩኸት አንድ መስመር ይሰጣል፤ መቶ ያህሉ መስመር ተደርድሮ አንድ ሥዕል ይሆናል። የሕፃኑ እጅ በመስተዋቱ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚታየውም ስለዚህ ነው።

ነገር ግን ማሚቶ የሚገኘው ድምፅ ከአንዱ ዓይነት ነገር ወደ ሌላው ዓይነት ሲሻገር ነው። ሁለቱ ነገሮች በጥግግታቸውና ድምፅን በማሳለፍ ፍጥነታቸው ከተቀራረቡ አብዛኛው ድምፅ ያልፋል፤ ከተራራቁ ይነጥራል። ከስብ ወደ ጡንቻ ሲሻገር ከመቶ 1 ያህሉ ብቻ ይመለሳል፤ ይህችው ጥቂት ለሥዕሉ ትበቃለች። ከሥጋ ወደ አየር ሲሆን ግን ከመቶ 99.9 ያህሉ ነጥሮ ይመለሳል። በፕሮቡና በቆዳው መካከል ስስ አየር ካለ ድምፁ ሳይገባ ከደጅ ይቀራል። ሐኪሙ በሆድ ላይ ያን ቀዝቃዛ ጄል የሚቀባው አየሩን ለማስወጣት እንጂ መድኃኒት ስለሆነ አይደለም። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ እናቲቱ ውኃ ጠጥታ እንድትጠብቅ የምትታዘዘውም፣ የሞላው ፊኛ አየር ያለበትን አንጀት ገፍቶ ለድምፁ መስኮት ስለሚከፍት ነው። ይህን ምክንያት የነገራት ሰው ከሌለ ግን፣ ሩቅ መንገድ በእግሯ መጥታ «ውኃ ጠጥተሽ ቆዪ» ስትባል ማጉላላት ይመስላታል።

ከሩቅ ሠርግ ቤት የከበሮው ድምፅ ሲሰማን የዋሽንቱ አይሰማንም። ወፍራሙ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፤ ቀጭኑ በመንገድ ይደክማል። በሰውነትም ውስጥ እንዲሁ ነው። በ3.5 ሚሊዮን ሄርዝ የተላከ ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 0.44 ሚሊሜትር ነው፤ በ10 ሚሊዮን ሄርዝ ደግሞ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ሞገዱ ባጠረ ቁጥር ጥቃቅኑ ነገር ተለይቶ ይታያል። ዳሩ ግን 10 ሳንቲሜትር ገብቶ ሲመለስ ከመጀመሪያው ጉልበት ከሦስት ሺህ አንድ እጅ፣ ከሁለተኛው ግን ከዐሥር ቢሊዮን አንድ እጅ ብቻ ይተርፋል። ስለዚህ ጥልቅ ለሆነው ማሕፀን ወፍራሙ፣ ከቆዳ ሥር ላለው እንቅርት ቀጭኑ ይመረጣል። ይህንን የማያውቅ ሰው መሣሪያውን ይዞ ቢቀመጥ ጭጋግ ያያል፤ ጭጋጉንም በሽታ ይለዋል።

በወልቂጤ ከተማ በጅማ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ያስተውላል። የጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ቀጭን ነው፤ አልፎ ሲሄድ ይወፍራል። ይህንን እ.ኤ.አ. በ1842 የተነተነው ክርስቲያን ዶፕለር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ ነው። በደም ሥር የሚሮጥ ደምና የሚመታ የጽንስ ልብም እንደዚያ መኪና ናቸው። የተመለሰው ድምፅ ምን ያህል እንደቀጠነ ወይም እንደወፈረ ተለክቶ የደሙ ፍጥነት ይታወቃል።

ይህ ሁሉ በአንድ ቀን አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉ ወንድማማቾች አንዳንድ ድንጋዮች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አገኙ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፖል ላንዥቨን ይህንኑ ይዞ በባሕር ውስጥ የተሰወረ መርከብ የሚፈልግ የድምፅ መሣሪያ ሠራ። በኋላም በፋብሪካ የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1958 በግላስጎው ከተማ የማሕፀን ሐኪሙ ኢያን ዶናልድና ባልደረቦቹ የሆድ ውስጥ እብጠትንና ጽንስን በዚሁ ድምፅ ማየታቸውን ጽፈው አወጡ። ለጦርነት የተፈለሰፈው ጥበብ የእናቶች ረዳት ሆነ ማለት ነው።

ወዳጆቻችን፤ ነገሩ ለእኛ አገር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ100,000 ሕያው ልደት 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ማንኛይቱም ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። መንታ መሆኑ፣ የወሯ ቁጥር፣ የእንግዴ ልጁ የማሕፀንን በር መዝጋት፣ በእጅ ዳሰሳ ብቻ በእርግጥ አይታወቅም። የቡታጅራ ገጠርም ለዚህ ዓይነቱ ዕውቀት እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ በዚያ ዐሥር ቀበሌዎችን መርጦ ልደትንና ሞትን ሲመዘግብ ኖሯል። ሕዝቡ ደጁን ከፍቶ ተቆጥሯል፤ ስለ ሕይወቱና ስለ ሞቱም ለሳይንስ መልስ ሰጥቷል። እንግዲህ ሳይንስም በተራው ለሕዝቡ መልስ ሊሰጥ ይገባዋል።

አንዳንዶች፣ «መሣሪያውን ከላኩልን ይበቃል» ይሉ ይሆናል። አይበቃም። መሣሪያው ያሳያል እንጂ አያድንም። የእንግዴ ልጁ በር መዝጋቱ ከታወቀ በኋላ ሴቲቱን ወደ ቀዶ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ፣ መኪናና ደም ያስፈልጋል። የጉራጌ ሰዎች በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ተቀምጠው ገንዘብ በማዋጣት ለአገራቸው መንገድ ያስጠረጉት፣ ዕውቀት ያለ መንገድ፣ መንገድም ያለ ዕውቀት እንደማይጠቅም ስለገባቸው ይመስለናል። መሣሪያውንም በሚገባ የሚመራ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ ባልሠለጠነ እጅ የተያዘ እንደሆነ የሌለውን ያሳያል፣ ያለውን ይደብቃል።

ከእኛ ከተማሪዎች የሚጠበቀው ታዲያ ምንድን ነው? መንገድ ለመሥራት ገንዘብ የለንም፤ ሐኪምም ገና አልሆንም። የተማርነውን ግን በአማርኛና በጉራጊኛ አፍታተን ልንናገር እንችላለን። በሚቀጥለው ዕረፍት ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ የምንሄድ ሁሉ፣ በጤና ጣቢያው ፈቃድ በወረፋው አጠገብ ተቀምጠን ስለ ጄሉ፣ ስለ ውኃው፣ ጨረር አለመሆኑንም ለማስረዳት ተስማምተናል። መምህራኖቻችንም የምንናገረውን አስቀድመው እንዲያርሙልን እንለምናለን፤ የተሳሳተ ትምህርት ከዝምታም ይከፋልና።

ምናልባት እኒያን እናት ዳግመኛ አናገኛቸው ይሆናል። በዚያ ወረፋ ግን «እኮ ለምን?» የምትል ሌላ እናት አትጠፋም። ያን ጊዜ እርስ በርሳችን እንዳንተያይ ነው ይህን ሁሉ መናገራችን።