አንድ ፕሮግራም፣ ብዙ ዩኒክስ



ዛሬ በፊታችሁ የማነሣው ጥያቄ አጭር ነው። የምንጭ ጽሑፉ በእጃችን የሌለ ፕሮግራም፣ የተሠራበት ኦፔሬቲንግ ሲስተም ሲለወጥ ዕጣው ምን ይሆናል?

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የፖዚክስ ደንብ የዩኒክስ ቤተሰቦችን ለማቀራረብ ታላቅ እርምጃ ነበር። ዳሩ ግን ደንቡ የሚያስማማቸው በምንጭ ጽሑፍ ደረጃ ነው፤ ፕሮግራሙ በየሲስተሙ እንደገና በኮምፓይለር ማለፍ አለበት። ሻጩ የምንጭ ጽሑፉን ይዞ ከገበያ ከወጣ፣ ፖዚክስ ብቻውን ተጠቃሚውን አይታደገውም።

በኢንቴል 386 ላይ የሚሠሩት ዩኒክሶች የማሽን ቋንቋቸው አንድ ነው። ታዲያ የአንዱ ፕሮግራም በሌላው ላይ እንዳይሠራ የሚያግደው ምንድን ነው? አንደኛ፣ የፋይሉ አወቃቀር ነው። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ ከከርነሉ አገልግሎት የሚጠይቅበት መንገድ ነው፤ የሲስተም ፋይቭ ፕሮግራሞች በጥሪ በር ሲገቡ፣ የሊኑክሶቹ በማቋረጫ ትእዛዝ ይገባሉ። ሦስተኛ፣ የጥሪዎቹ ቁጥርና ትርጉም እንዲሁም ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸው ላይብረሪዎች ናቸው። አይቢሲኤስ የተባለው የኢንቴል ደንብ የወጣው ይህን ልዩነት ለማስወገድ ነበር።

በ1997 እ.ኤ.አ. ደግሞ 86ኦፕን የተባለ ስብስብ የጋራ ደንብ ለማውጣት ተነሣ። በ1999 እ.ኤ.አ. ሥራውን ሲዘጋ ግን አዲስ ደንብ አላወጣም፤ የሊኑክስ ኢኤልኤፍ ፕሮግራም በተግባር የጋራ ደንብ ሆኖ አግኝቶታልና። ለምሳሌ ፍሪቢኤስዲ የፋይሉን ምልክት አይቶ የሊኑክስን የጥሪ ሠንጠረዥ ይመርጥለታል፤ የፕሮግራሙ ትእዛዞች ግን ሳይተረጎሙ በቀጥታ ይሠራሉ።

ይሁን እንጂ መምሰል ቀላል አይደለም። ማይክሮሶፍት በ2016 እ.ኤ.አ. የሊኑክስን ጥሪዎች በዊንዶውስ ላይ በማስመሰል ጀመረ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ባስታወቀው ሁለተኛ ዕትም ግን እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል አስገባ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ደንብን ደንብ የሚያደርገው የታተመበት ወረቀት ሳይሆን የተጠበቀ ቃል መሆኑን ነው። የሊኑክስ ከርነል ሠሪዎች ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ በከርነሉ ለውጥ ምክንያት እንዳይሰናከል አጥብቀው ይጠነቀቃሉ፤ ሌሎች ሊከተሏቸው የቻሉትም ስለዚህ ነው። አበው «ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይላሉ።

ስለዚህ፣ ባልደረቦቼ፣ ለመሥሪያ ቤቶቻችን ፕሮግራም ስንገዛ ሁለት ጥያቄ አናስቀር፦ የተሰጠን ተስፋ ለምንጭ ጽሑፉ ነው ወይስ ለተዘጋጀው ፕሮግራም? ሻጩ በሌለበት ቀንስ ተስፋውን የሚጠብቅልን ማን ነው? መልሱ በውሉ ውስጥ ይጻፍ።