መኪና ሳይሆን ቀለም ገዛን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባላችን የቀረበ ንግግር)



ስለ መኪና እንድናገር ስጠየቅ መጀመሪያ አፍሬ ነበር። እኔ እንጀራ ጋጋሪ ነኝ እንጂ መካኒክ አይደለሁም። ነገር ግን ሦስት ሆነን ለስድስት ዓመት ያጠራቀምነው የእቁብ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንዴት ከእጃችን እንደወጣ አውቃለሁ። ከእናንተም መካከል ለእንጀራና ለባልትና ማመላለሻ የሚሆን አሮጌ መኪና ለመግዛት የምታስቡ አላችሁ። ስለዚህ ኀፍረቴን ዋጥ አድርጌ የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

መኪና የፈለግነው ለሽርሽር አልነበረም። በየቀኑ ለሆቴሎች እንጀራ እናደርሳለን፤ በኮንትራት ታክሲ ስንሄድ ትርፋችን መንገድ ላይ ያልቃል። አዲስ መኪና ለእኛ አይታሰብም። አሮጌውም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ እዚሁ ያለው አሮጌ ቶዮታ ዕድሜው በገፋ ቁጥር ዋጋው አልቀነሰም። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት ዲኤክስ እንኳ ሰው ይሻማባታል። ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ «ሌላ ገዢ መንገድ ላይ ነው» ይላችኋል።

የሄድነው ወደ አንድ የመኪና መሸጫ ግቢ ነው። ስሙን አልጠራም። ዲኤክሷ ነጭ ቀለሟ ያብረቀርቃል፤ ወንበሯ አዲስ ልብስ ለብሷል። ስትነሳ ድምፅ የላትም። ሻጩ «የአንድ ዶክተር መኪና ነበረች፣ እጅ አልበዛባትም» አለን። መካኒክ ይዘን እንመለስ ስንል ሳቅ ብሎ «ባልሽ የለም እንዴ? እሱን ይዘሽ ነይ» አለኝ። ያ ቃል እልህ ውስጥ ከተተን። ከወንድ እንደማናንስ ለማሳየት ስንል በዚያው ቀን ቀብድ ከፈልን፤ በማግስቱም ግቢው ውስጥ በተዘጋጀ የመንደር ውል ላይ ፈርመን ቀሪውን አስረከብን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኛ ግን አፍሰን የምንለቅመው አጣን።

በሦስተኛው ሳምንት ዳገት ላይ ሞተሩ ፈላ። መካኒክ ዘንድ ጎትተን ወሰድናት። ልጁ የዘይቱን መክደኛ ከፍቶ ውስጡን አሳየኝ፤ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። «እትዬ፣ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። ጋርኒሲዮኑ ተቃጥሏል፤ ቴስታውም ተጣሟል» አለኝ። የፒስተኑ ድምፅ እንዳይሰማ ከሚገባው በላይ ወፍራም ዘይት እንደተሞላበትም ነገረኝ።

ወደ ግቢው ተመለስን። ሰውዬው «አይተሽ፣ ነድተሽ ነው የገዛሽው። ደግሞስ መኪናው የእኔ ነው እንዴ? እኔ አገናኝ ነኝ» አለ። ውሉን አውጥቼ ሳነበው እውነቱን ነው። ሻጭ ተብሎ የተጻፈው ዓይኑን አይተነው የማናውቅ ሰው ነው፤ የፈረመው በውክልና ሌላ ሰው ነው። «መኪናውን ባለበት ሁኔታ አይቼና ወድጄ ገዝቻለሁ» የሚለው ቃል ግን ከእኛ ፊርማ በላይ ተጽፏል።

ይህ ሳይበቃ ስም ለማዛወር ስንሄድ የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አልገጠመም። ሞተሩ ከሌላ መኪና ወጥቶ የገባ ነው፤ ለውጡ ግን አልተመዘገበም። ባለቤቱን ፈልገን፣ ለምነን፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል አምስት ወር ፈጀ። በዚያ መሐል ቦሎ ማደስ አልተቻለም፤ መኪናዋም ከግቢ አልወጣችም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ገንዘቡ አልነበረም። ሦስታችን ተኳረፍን። አንዷ ጓደኛችን ለልጇ ትምህርት ያስቀመጠችውን ነበር ያዋጣችው። «እኔ ቆይ ስል አንቺ ነሽ ያስቸኮልሽን» አለችኝ፤ ልክ ነበረች። ዛሬ በፊታችሁ ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

እህቶቼ፣ እኔ ጤፍ ስገዛ የጆንያውን አፍ ብቻ አላይም። እጄን ወደ ታች አስገብቼ እዘግናለሁ፤ በመዳፌ አሽቼ አፈር እንዳለው አያለሁ። ቅቤም ስገዛ ላዩን አላምንም፤ እንጨት ሰድጄ ከመሐል አወጣለሁ። መኪና ስገዛ ግን ይህን ሁሉ ልማዴን በር ላይ ትቼ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ መካኒኩ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

መኪና ማየት በጠዋት ነው፣ ሞተሩ ሳይሞቅ። ስትደርሱ ኮፋኖውን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ከሞቀ አስቀድመው አስነስተውታልና ሌላ ቀን ተመለሱ። የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሳ ሕመሙን አይደብቅም። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሳይቋረጥ ከወጣ ውሃ፣ ሰማያዊ ከወጣ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ እየበዛበት ነው። የዘይቱን መክደኛ ክፈቱ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ የራዲያተሩንም ክፈቱና ውሃው ላይ ዘይት እንዳልተንሳፈፈ እዩ። ቁልፉ ሲዞር የዘይትና የባትሪ መብራቶች መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ከመጀመሪያው ካልበሩ አምፖሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

አንዲት ትንሽ ማግኔት በቦርሳችሁ ያዙ። ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ከቀለም ሥር ወፍራም እስቱኮ ካለ አይይዝም። ያን ጊዜ መኪናዋ መገጨቷን ታውቃላችሁ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ብቻ አትመኑ፤ ይመለሳልና። የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫው ላስቲክ ካለቀ፣ መሪውም ከተላጠ፣ ቆጣሪው ትንሽ ቢያሳይም መኪናዋ ብዙ ሄዳለች። ጎማው በአንድ ጎኑ ብቻ ከተበላም ጠይቁ። ከሁሉም በላይ ሻጩ ያመጣላችሁን ሳይሆን እናንተ የመረጣችሁትን መካኒክ ውሰዱ። የመካኒክ ክፍያ ውድ የሚመስላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ብቻ ነው።

ወረቀቱም ከሞተሩ እኩል መታየት አለበት። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ አመሳክሩ። የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበት መኪናው የተመዘገበበት ትራንስፖርት ቢሮ ሳይጣራ ገንዘብ አትስጡ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥና ያልተሻረ መሆኑን አጣሩ። ውሉ በሰነዶች ማረጋገጫ፣ በድሮ ስሙ ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም፤ ቀሪው ገንዘብም ያን ጊዜ በባንክ ይተላለፍ። ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው መኪናው ሲሸጥ ነው፤ ከሁለት ወገንም ይቀበላል። ስለዚህ ምክሩን ስሙ እንጂ አትደገፉበት።

ሕጉም ጨርሶ አልተወንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይናገራል። ገዢም ዕቃውን ወዲያው መርምሮ ጉድለቱን ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። በዓይን የሚታየውን ጉድለት ግን ሕግም አይክስላችሁም። እኛ የተነጋገርነው በአፍ ብቻ ስለነበር የምናሳየው ማስረጃ አልነበረንም። እናንተ በጽሑፍ አድርጉት፤ ቀኑንም ጻፉበት። «የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው»፣ «ሞተሩ አልተከፈተም» የሚሏችሁንም ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፉላችሁ። ልጻፍ ስትሉ የሚያፈገፍግ ሰው መልሱን ሰጥቷችኋል።

ለደጋፊዎቻችንም ሳልደብቅ ልናገር። ለማሠሪያው ከማኅበሩ ተዘዋዋሪ ብድር 40,000 ብር ወስደናል። እስከ ዛሬ ግማሹን መልሰናል፤ የቀረውንም በየወሩ እየከፈልን ነው። መኪናዋ አሁን ትሠራለች፤ ዛሬ የበላችሁትንም እንጀራ ያመጣችው እሷ ነች።

በመጨረሻ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእንግዲህ አንዲት አባል መኪናም ሆነ ሌላ ትልቅ ዕቃ ስትገዛ ሁለት አባላት አብረዋት ይሂዱ። የመካኒኩን ክፍያ ማኅበሩ ያበድራት። ካየችበት ቀን እስከምትከፍልበት ቀን ቢያንስ ሦስት ቀን ይለፍ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ሌላ ገዢ ቢወስዳት ይውሰዳት። እኛም ያቺን ዲኤክስ ያን ጊዜ ሌላ ሰው ወስዷት ቢሆን ኖሮ እቁባችን በእጃችን ነበር።